ለአፈር ካርታ ኪውጂአይኤስ ወይስ አርክጂአይኤስ ፕሮ? ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

«የአፈር ካርታ ልንሠራ ነው፤ የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። እኔም «ስንት ናሙና አላችሁ?» ብዬ እመልሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ሶፍትዌሩ የሚታይና በጨረታ ሰነድ ላይ በቀላሉ የሚጻፍ ዕቃ ስለሆነ ሁሉም ከእሱ ይጀምራል። ናሙናው ግን አካፋ፣ መኪና፣ አበልና የቤተ ሙከራ ወረፋ ይፈልጋል።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሥራ እንያዝ። ደጋ ላይ ያለ ወረዳ ነው፤ ቀይ አፈር፣ ብዙ ዝናብ፣ ኮምጣጣ መሬት። ኮምጣጣነቱን የሚያበርደው የእርሻ ኖራ ለየትኛው ቀበሌ ይቅደም፣ በሄክታርስ ስንት ኩንታል ይበተን የሚለው መወሰን አለበት። በጂፒኤስ የተመዘገቡ 120 ናሙናዎች ከነውጤታቸው በኤክሴል መጥተዋል። ይህንን ይዘን ሁለቱን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራሞች፣ ኪውጂአይኤስንና አርክጂአይኤስ ፕሮን፣ እንፈትናቸው።

ዋጋውን አስቀድሜ ልጨርሰው። ኪውጂአይኤስ ነጻ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ሲሆን በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ መቶ ኮምፒውተር ላይ ቢጭኑት «ፈቃድ አሳይ» የሚል የለም። አርክጂአይኤስ ፕሮ ደግሞ መቀመጫውን ካሊፎርኒያ ሬድላንድስ ያደረገው ኢስሪ የሚሸጠው ነው፤ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ሲሆን ክፍያው በየዓመቱ ነው። ለግል ጥቅምና ለተማሪ የተዘጋጀው ፈቃድ በዓመት 100 ዶላር ነው። ይህን ሲሰሙ «ርካሽ ነው» ብለው እንዳይቸኩሉ፤ በግል ፈቃድ የተከፈለበት የማማከር ሥራ መሥራት አይቻልም። የመሥሪያ ቤት ዋጋ ከዚህ በእጅጉ ይርቃል፤ ደረጃውም ቤዚክ፣ ስታንዳርድና አድቫንስድ እየተባለ ይለያያል። ለአፈር ሥራ የሚያስፈልጉት ስፓሻል አናሊስትና ጂኦስታቲስቲካል አናሊስት የሚባሉት ኤክስቴንሽኖች (ተጨማሪ መሣሪያዎች) በጥቅሉ ውስጥ መግባታቸው በዋጋ ማቅረቢያው ላይ በስማቸው ተጽፎ ይምጣልዎት። ሳይጻፍ ቀርቶ ሶፍትዌሩ ከተገዛ በኋላ ዋናው መሣሪያ ደብዝዞ አልከፈትም ሲል ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ክፍያው በዶላር መሆኑን፣ በየዓመቱም መታደሱን አይርሱ። የዘንድሮ በጀት ቢችለው የከርሞው ይችለዋል ወይ?

«እኔ አርክማፕ አለኝ እኮ» የሚል፣ የኢስሪን የቀድሞ ፕሮግራም የያዘ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንዴት እንዳገኙት አልጠይቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የዞረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኢስሪ ግን ለአርክማፕ ድጋፍ መስጠት የሚያበቃበትን ቀን ማርች 1, 2026፣ በእኛ የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ብሎ ቆርጦታል። አዲስ ፕሮጀክት በእሱ ላይ መጀመር ባለቤቱ ለቆ በሄደ ቤት ላይ ፎቅ መጨመር ነው።

ወደ 120ዎቹ ናሙናዎች እንመለስ። ነጥቦቹን ወደ ሙሉ ካርታ መለወጥ፣ ማለትም ባልተቆፈረው ቦታ ላይ ያለውን ዋጋ መገመት፣ የሥራው እምብርት ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች በእውነት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

ኪውጂአይኤስ እንደወረደ የሚሰጠው አይዲደብልዩ የሚባለውን ዘዴ ነው፦ ቅርብ ያለው ናሙና ይበልጥ ይመዝናል፣ ራቅ ያለው ያንሳል። ቀላል ነው፣ ፈጣንም ነው፤ ውጤቱ ግን በየናሙናው ዙሪያ የእንጀራ ዓይን የመሰሉ ክቦችን ያመጣል። አፈር እንዲህ ክብ እየሠራ አይቀያየርም። የተሻለው ክሪጊንግ ነው። ክሪጊንግ አስቀድሞ ሁለት ነጥቦች እየተራራቁ ሲሄዱ ልዩነታቸው እንዴት እንደሚያድግ ከራሱ ከመረጃው ይማራል፤ ይህ ቫሪዮግራም ይባላል። ከዚያ በኋላ ግምቱን ብቻ ሳይሆን የግምቱን የስህተት መጠንም በካርታ ያወጣል። ለዚህ ኪውጂአይኤስ ተጨማሪ ያስፈልገዋል፦ ስማርት ማፕ የሚባለውን ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) ወይም ሳጋ የተባለውን ሌላ ነጻ ፕሮግራም። ሳጋ ድሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከቅርብ ስሪቶች ወዲህ ግን ለብቻው ጭኖ በፕለጊን ማገናኘት ግድ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቢሮ ይህ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል።

አርክጂአይኤስ ፕሮ በዚህ በኩል ይበልጣል፤ ሳላቅማማ እናገራለሁ። የጂኦስታቲስቲካል ዊዛርዱ እጅዎን ይዞ ደረጃ በደረጃ ይወስድዎታል። ቫሪዮግራሙን ስለው ያዩታል፣ ቅርጹን ይቀይሩታል፣ በመጨረሻም እያንዳንዱን ናሙና አውጥቶ በቀሩት እየገመተ ምን ያህል እንደሳተ በሠንጠረዥ ያሳይዎታል። ኢምፒሪካል ቤዚያን ክሪጊንግ የሚባለው አማራጭ ደግሞ አንድ ቫሪዮግራም ላይ ሙጭጭ ሳይል ብዙ እያመነጨ ይሞክራል፤ ስታቲስቲክስ ለሚያስፈራው ባለሙያ እረፍት ነው። ሥራው ዕለት ተዕለት ይኸው ለሆነ ድርጅት ገንዘቡን የሚያስወጣው ይህ መስኮት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሻጭ ስለሌለው ማንም አይነግርዎትም። አር የሚባለው ነጻ የስታቲስቲክስ ቋንቋ ጂስታት በሚባለው ጥቅሉ ክሪጊንግን፣ ሬንጀር በሚባለው ደግሞ ራንደም ፎረስትን (ብዙ የውሳኔ ዛፎችን አጣምሮ የሚገምተውን ዘዴ) ይሠራል። ዝናብን፣ ከፍታን፣ ተዳፋትንና የሳተላይት ምስልን ጨምሮ መገመት ሲፈለግ እኔ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ካርታውን ለማሳመር ደግሞ ወደ ኪውጂአይኤስ እመለሳለሁ። ኮድ መጻፍ ይጠይቃል። ነገር ግን ዘንድሮ የጻፉት ኮድ ለከርሞ ናሙና በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፤ በመዳፊት ጠቅ ጠቅ የተደረገው ግን ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

የትኛውንም ቢመርጡ 120 ነጥብ ለክሪጊንግ ዝቅተኛው የሚባል ዓይነት ቁጥር ነው። ቫሪዮግራም እንዲታመን 100 አካባቢና ከዚያ በላይ ናሙና ይመከራል። 35 ናሙና ይዞ ውድ ኤክስቴንሽን መግዛት ማለት ባዶ ድስት ለመጣድ ምድጃ ማሳመር ነው።

ፒኤቹ (የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚያሳየው ቁጥር) ካርታ ሆነ እንበል። የኖራው መጠን ግን ከፒኤች ብቻ አይሰላም፤ ኤክስቼንጀብል አሲዲቲ የሚባለው፣ በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ የተያዘው አሲድ ልኬት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ይህ ልኬት በኪሎ አፈር 2 ሴንቲሞል፣ የአፈሩ እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 1.1 ቶን ቢሆን፣ ለ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በሄክታር 16.5 ኩንታል ካልሲየም ካርቦኔት (የእርሻ ኖራ ዋና ንጥረ ነገር) ይመጣል። ሰብሉ አሲድ የማይችል ከሆነ በ1.5 ተባዝቶ ወደ 25 ኩንታል ይጠጋል። ይህን ስሌት በመላው ወረዳ ላይ የሚያካሂደው ራስተር ካልኩሌተር በሁለቱም ፕሮግራሞች አለ፣ ልዩነትም የለውም። ተዳፋት ማውጣት፣ የቀበሌ አማካይ ማስላት፣ የአፈር መሸርሸርን በቀመር መገመትም እንዲሁ። ለእነዚህ ብቻ ተብሎ ዶላር አይወጣም።

አሁን ሻጭ የማያነሳቸውን ሁለት የአገር ቤት ጣጣዎች ላንሳ።

የመጀመሪያው አዲንዳን ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ 1፡50,000 ቶፖ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዴተም (ቦታ የሚለካበት መነሻ) ነው፤ የስልክዎ ጂፒኤስ የሚሰጠው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳይቀይሩ ቢያነባብሩ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ናሙናዎቼን ሁሉ ከወንዙ ማዶ አስቀምጬ ገበሬው «ያ እኮ የእኔ ማሳ አይደለም» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ሁለቱም ፕሮግራሞች መቀየሪያው አላቸው፤ ኪውጂአይኤስ ከአንድ በላይ አማራጭ ሲያገኝ መስኮት ከፍቶ ይጠይቅዎታል፣ አርክጂአይኤስ ፕሮ ደግሞ በካርታው ፕሮፐርቲ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጠያቂውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። ሁሉም ሰው የሚላላከው ሼፕፋይል የተባለው የካርታ ፋይል ዓይነት ለዓምድ ስም የሚሰጠው 10 ባይት ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከሦስት ፊደል በላይ አይገባም። «አሲድነት» ብለው የሰየሙት ዓምድ ተቆርጦ ወይም ተበላሽቶ ይመለሳል። ኪውጂአይኤስ ሲያስቀምጥ በቅድሚያ የሚያቀርበው ጂኦፓኬጅ የተባለው የፋይል ዓይነት ይህ ችግር የለበትም፤ የኢስሪ ጂኦዳታቤዝም የለበትም። የቀበሌ ስም በአማርኛ ለሚጻፍበት ሥራ ግን ሼፕፋይልን አይጠቀሙ።

ስለ ኮምፒውተር ባጭሩ፦ አርክጂአይኤስ ፕሮ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይላል፤ ሳይተክዝ እንዲሠራ ግን 16 እና ከዚያ በላይ ያዘጋጁ። ኪውጂአይኤስ በአሮጌ ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ የአንድ ወረዳ ሥራ ሲጎትት አይቻለሁ፤ እያቃሰተም ቢሆን። የአርክጂአይኤስ ፕሮ ፈቃድ በኢንተርኔት የሚከፈት ስለሆነ ወደ ገጠር ከመውጣትዎ በፊት ከመስመር ውጭ እንዲሠራ አድርገው ይውሰዱት። ለመስክ መረጃ መሰብሰቢያም ኪውፊልድ በስልክ ላይ በነጻ፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የኢስሪው ፊልድ ማፕስ ያማረ ቢሆንም የኢስሪ አካውንት ይፈልጋል።

ናሙና ገና ለሌለው ሰው ነጻ መረጃ አለ። ሶይልግሪድስ መላውን ዓለም በ250 ሜትር፣ አይኤስዲኤ ሶይል ደግሞ አፍሪካን በ30 ሜትር ይሸፍናሉ፤ ሁለቱም በሁለቱ ፕሮግራሞች ይከፈታሉ። 30 ሜትር ሲባል ግን በየ30 ሜትሩ ተቆፍሯል ማለት አይደለም፤ ግምት ነው። ናሙና የት እንደሚወሰድ ለማቀድ እጠቀምባቸዋለሁ፣ ኖራ ለማደል ግን አልደፍርም።

እንግዲህ ማን የትኛውን ይያዝ? የወረዳና የዞን ግብርና ቢሮ ከሆኑ ኪውጂአይኤስን ይያዙ፤ የየዓመቱ ረጅም ዕድሜ ያለውን ስሪት ይምረጡ እንጂ አዲስ በወጣ ቁጥር አይሩጡ። የማስተርስ ተማሪ ከሆኑ አስቀድመው ዩኒቨርሲቲዎ የጋራ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ፤ ካለው ዊዛርዱ ላይ ክሪጊንግን ይማሩበት፣ ከሌለው ኪውጂአይኤስና አር ይበቁዎታል። የሥራ ማስታወቂያዎች ዛሬም «አርክጂአይኤስ የሚችል» ስለሚሉ ሁለቱንም መነካካቱ አይከፋም። አማካሪ ድርጅት ከሆኑና አሠሪዎ ፋይሉን በኢስሪ ጂኦዳታቤዝና ፕሮጀክት እንዲያስረክቡ በውል ካስገደደዎት፣ ወይም በዓመት ደጋግመው ክሪጊንግ የሚሠሩ ከሆነ አርክጂአይኤስ ፕሮን ይግዙ፤ ዋጋውንም በፕሮጀክቱ ሒሳብ ውስጥ ያካቱት። አንድ ካርታ ለመሥራት ብቻ ከሆነ ግን አይግዙ፤ ያንኑ ገንዘብ ይዘው ወደ ቤተ ሙከራ ይሂዱና «ለስንት ተጨማሪ ናሙና ይበቃል?» ብለው ይጠይቁ።