ዳቭ ለልጃገረዶች ያዘጋጀው በራስ የመተማመን ትምህርት፦ ደሴ ላይ ያዋጣል?

ዳቭ የሚባለው ሳሙና ባለቤት ዩኒሊቨር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ልጃገረዶች መልካቸውን እንዳይጠሉ የሚረዳ ፕሮጀክት ይደግፋል። ከ11 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀው ባለ አምስት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ብሪስቶል ካለው የዌስት ኦፍ ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የተሠራ ነው፤ መምህራን ከኢንተርኔት በነፃ ያወርዱታል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የልጃገረዶች ክበብ የምትመሩ ውሰዱት፤ እንዳለ ግን አታስተምሩት።

መሠረቱ ጠንካራ ነው። «ቆንጆ ነሽ» እያለ አያባብልም። ልጆቹ የቁንጅናን መስፈርት ራሳቸው ይዘረዝራሉ፣ ከየት እንደመጣ ይመረምራሉ፣ እሱን ማሳደድ ምን እንደሚያስከፍል ይቆጥራሉ። እዚህ ላይ መምህራን የሚስቱት ነገር አለ፦ «ከሰውነትሽ የማትወጂው ምንሽን ነው?» ብሎ መጠየቅ። ይህ ቁስል መቀስቀስ ነው። ጥያቄው ስለ መስፈርቱ እንጂ ስለ ልጅቷ አይሁን።

በትምህርቱ ውስጥ ያሉት የማስታወቂያ ፎቶዎች ለእኛ ልጆች ሩቅ ናቸው። በምትኩ መምህሯ የራሷን ፊት በስልክ ፊልተር አንዴ ከፍታ፣ አንዴ ዘግታ ታሳይ። የተማሪ ፊት ግን አይነሳ፤ ፎቶው ከክፍል መውጣቱ አይቀርም።

ብዙ ሥራ ያለው አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው፤ ስለ ሰው አካል ማውራትን ስለ መተው። እኛ ጋ ሰላምታው ራሱ ስለ አካል ነው፦ «ምነው ጠቆርሽ?» «ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» በዚያ ላይ «የወሎ ቆንጆ» የሚለው ዝና አለ፤ ለሰሚው ሙገሳ ነው፣ ለ13 ዓመት ልጅ ግን የምትለካበት ሚዛን። ተናጋሪዋን «እንዲህ አትበይኝ» ማለት ለእኩያ ይሆናል፤ ለአክስት ግን ድፍረት ነው። ስለዚህ ወሬውን በአክብሮት ማዞር ይለማመዱ፦ «ደህና ነኝ እትዬ፤ እርስዎስ? ልጆቹስ?» ሁለት ሁለት ሆነው፣ ቦታ እየተለዋወጡ፣ ሦስት አራት ጊዜ ይበሉት። የሚጎዱ ቃላትን ስም ሳይጽፉ በወረቀት ይስጡ፣ መምህሯ መርጣ ታንብብ፤ በቃል ከተጠየቀ የአንዷ ቅጽል ስም ወጥቶ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ይህን ለሁለት ቀን ክፈሉት፤ ተማሪ በሞላበት ክፍል በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም።

አንድ ትምህርት ከራሳችሁ ጨምሩ፦ የሚያቀላ ቅባት። ይዘቱ ያልተጻፈበት ቅባት ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ክሎቤታሶልን የመሰለ ስቴሮይድ (ኃይለኛ የቆዳ መድኃኒት) ያለበት ደግሞ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፤ ለረጅም ጊዜ ተቀብቶ ድንገት ሲቆም ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል። የተቀባችውን አትገሥጿት፤ ቅባቱን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ስፖንሰሩንም አትደብቁ። ይኸው ዩኒሊቨር ፌር ኤንድ ላቭሊ የተባለውን የሚያቀላ ክሬም ለአሥርተ ዓመታት ሸጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 «ፌር» የሚለውን ቃል አውጥቶ ግሎው ኤንድ ላቭሊ አለው። ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ማስታወቂያን ስለ መመርመር ለሚያስተምረው ክፍል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሳሙና ላድል የሚል ድርጅት ከመጣም በትምህርቱ ቀን አይሁን።