ባሌን በ2 ቀን ለሚሸጥላችሁ ቀብድ አትላኩ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔ እንደማየው ከዚያ ወዲህ የጉዞ ማስታወቂያው በዝቷል። «ሳነቴ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሀረና፣ ቀይ ቀበሮ፤ 2 ቀን 1 ሌሊት፣ ሁሉንም ያካተተ» የሚለውን ሳታዩት አትቀሩም። ሳነቴ አምባው፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራው፣ ሀረና ደግሞ ጫካው ነው። እኔ ይሄን አምኜ ቤተሰቤን ይዤ ሄድኩ። አባቴ 71 ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ጎባ አስተምሯል። «ሳነቴን አንዴ ደግሜ ልየው» ሲለን ዓመታት አልፈዋል። ንዴቴ እስካሁን ያልበረደው ለዚህ ነው።

ለአንድ ሰው 9,500 ብር ተባልን። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ላክን። ደረሰኝ አልተሰጠንም። ከሻጩ ስልክ ቁጥር ሌላ በእጃችን የያዝነው ነገር አልነበረም።

አንድ ምልክት ደግሞ ዓይኔ ሥር ነበር። ማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው የዋልያ ፎቶ ነው። ዋልያ የሚኖረው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ባሌ ላይ አንድም የለም። ባሌ የቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን አገር ነው። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ዋልያ አይለጥፍም። እኔ ግን «ፎቶ ነው እንግዲህ» ብዬ አለፍኩት።

ዋናው ማጭበርበር ያለው ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በአዳማና በአሰላ አድርጋችሁ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ዲንሾ ለመድረስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከዲንሾ ደግሞ ሮቤ፣ ከዚያ ጎባ አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን ተብለን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሳን። መኪናው ሌላ ተሳፋሪ ሲለቅም ነበር። ጎባ የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በማግሥቱ ማታ አዲስ አበባ ለመግባት ቢዘገይ 6 ሰዓት ላይ ከጎባ መውጣት አለብን። ታዲያ ለሳነቴ፣ ለቱሉ ዲምቱና ለሀረና የቀረው ስንት ሰዓት ነው? ይሄን ሒሳብ ብር ከመላኬ በፊት ወረቀት ላይ ብሠራው ኖሮ አልሄድም ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ይመጣል የተባለው ሹፌር 3 ሰዓት መጣ። የፓርኩ በር ላይ ደረሰኝ ተጠየቅን፣ የለውም። «ሁሉንም ያካተተ» የተባለውን መግቢያ ከኪሳችን ከፈልን። አስጎብኚም አልነበረም። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሜዳው ላይ ጅብራው ቆሞ፣ ትንንሽ ሐይቆቹ እያብለጨለጩ፣ ሹፌሩ ግን እንደ አስፋልት ይነዳዋል። አባቴ «እስቲ አንዴ አቁምልን» ሲለው «አባባ፣ ጊዜ የለንም» አለው። ያቺ ንግግር አሁንም ታመኛለች።

ቀይ ቀበሮ እንዲህ አይታይም። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩ ያለው እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው። የሚኖረው በመንጋ ቢሆንም አደን የሚወጣው ለብቻው ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ በተለይ ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው እነሱ ከጉድጓድ ብቅ ይላሉ፣ እሱም ጆሮውን አቁሞ እንደ ድመት ያደባል። ይሄን ለማየት ሞተር አጥፍቶ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መጠበቅ ነው። እኛ አንድ አየን። መንገዱን ሊያቋርጥ ሲል ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋበት። ቆም ሲል ደግሞ ለፎቶ ይቅረብ ብሎ ዳቦ ወረወረለት። ጮህኩበት። ከመኪና ምግብ የለመደ ቀበሮ መንገድ ዳር መዋል ይጀምራል፤ አንድ ቀን መኪና ይገጨዋል። እባካችሁ እንዲህ ሲያደርግ የምታዩትን ሹፌር ዝም አትበሉት።

ቱሉ ዲምቱን ከሩቅ በጣት አሳየን። 4,377 ሜትር ነው፣ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው፤ እስከ ጫፉ መንገድ አለው፣ ግን አልወጣንም። ሀረናንም «ጭጋግ ነው» ብሎ ከአፋፉ መለሰን። ጫካው፣ የዱር ቡናው፣ ጉሬዛው ሁሉ ቀረብን። አባቴን በዚህ መሀል ራሱን አመመው፣ አዞረውም። ጎባ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ እንዲህ ዓይነት ከፍታ ላይ መውጣት ለትልቅ ሰው ከባድ ነው። ሻጩ ዕድሜውን ሲሰማ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስንመለስ ደወልኩለት። «የተባለውን አይታችኋል» አለኝና ስልኩን ዘጋ። ብሩ አልተመለሰም።

መሄድ የምትፈልጉ ቢያንስ 4 ቀን ያዙ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፣ ክፍያውን ራሳችሁ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የአካባቢውን አስጎብኚም እዚያው ያዙ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰውነታችሁ አየሩን ይለምዳል። የደጋ አጋዘኑንም በጠዋት ጋይሳይ ሜዳ ላይ ታዩታላችሁ። ከሻጩ ጋር የምትዋዋሉ ከሆነ ደግሞ መነሻ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ዓይነትና ሳነቴ ላይ የምትቆዩበትን ሰዓት በጽሑፍ ያስፍርላችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ። ዋጋው ረክሶ ሲታያችሁ ደግሞ መግቢያው፣ አስጎብኚውና ምግቡ ውስጡ መኖራቸውን አንድ በአንድ ጠይቁ።

እኛ ዝናቡ ሲያበቃ ኅዳር ላይ አባቴን መልሰን እንወስደዋለን። ዲንሾ 2 ሌሊት እናድራለን። መኪናውን የሚነዳው ወንድሜ ነው፤ አባቴ አቁም ባለው ቦታ ሁሉ ያቆማል።