አሩባ ወይስ ፑንታ ካና? በሀሪኬን ወቅት ቫኬሽን ለምትገዙ

ሰሞኑን ደግሞ ጀመረ። የዋጋ ስክሪንሹት እየላኩ «ይሄን አይተሽዋል? ፑንታ ካና አምስት ሌሊት፣ በረራውም ምግቡም መጠጡም ውስጡ ሆኖ ለሁለት ሰው 2,100 ዶላር፣ ልግዛው?» የሚሉኝ ጓደኞቼ በዝተዋል፣ ቀኑ መቼ ነው ብዬ ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ገና ከመጀመሪያው ልናገር፤ በነዚህ ወራት ካሪቢያን ካማራችሁ አሩባ ሂዱ፣ አሩባ ከከበዳችሁ ጎረቤቷ ኩራሳው። ፑንታ ካናን ለጃንዋሪና ለፌብሩዋሪ አስቀምጡት። ፑንታ ካና ያለችበትን ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ጠልቼ አይደለም፣ ህዝቡም ባህሩም ደስ ይላል፣ ግን በዚህ ወቅት ስክሪንሹቱ ላይ የምታዩት ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም።

የአትላንቲክ የሀሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ዋናው ሙቀቱ ግን ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው፣ ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ማለትም ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እና «ለአዲስ ዓመት ወጣ እንበል» ብላችሁ ስትፈልጉ ዋጋው የወረደው ሆቴሉ ስላዘነላችሁ ሳይሆን ሌላው ሰው ስለሸሸ ነው።

አሩባ ለምን ትለያለች ለሚለው፣ ካርታ ክፈቱና እዩት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ፣ ከቬኔዝዌላ ጠረፍ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ነው ያለችው። የሚገርመው ብዙዎቹ ሀሪኬኖች የሚነሱበት የአየር ሞገድ የሚጀምረው ከኛው ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችና ከዳርፉር ተራሮች አካባቢ ነው፣ በሳህል በኩል ወደ ምዕራብ ሄዶ ኬፕ ቨርዴ አካባቢ ውቅያኖሱ ላይ ይወርድና ከሞቀው ውሃ ጉልበት እየሰበሰበ ካሪቢያን ይደርሳል፣ ከዛ አብዛኛው ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ፖርቶ ሪኮ፣ ዶሚኒካን፣ ባሃማስ፣ ፍሎሪዳ መንገዱ ላይ ናቸው። አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳው ግን ከታች ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

ይሄ ማለት ግን ዋስትና አላቸው ማለት አይደለም። በ2007 ፌሊክስ የሚባለው ሀሪኬን ከሰሜናቸው በቅርብ ርቀት አልፏል። ደግሞ «ደቡብ ከሆነ ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ግሬናዳ ከአሩባ ጋር ለመመሳሰል ትንሽ የቀራት ኬክሮስ ላይ ናት፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፣ ግን ወደ ምስራቅ ወጣ ብላ በሩ ላይ ስለተቀመጠች በ2004 ኢቫን አብዛኛውን ቤት ሲጎዳባት በ2024 ደግሞ ቤሪል ካሪያኩ የምትባለዋን ትንሽ ደሴቷን አወደመባት፣ ያውም ገና ጁላይ 1 ቀን። ስለዚህ ደቡብ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ገባ ማለቱም ይታይ።

አሁን ወደ ብሩ። ከዲሲና ከባልቲሞር አካባቢ ተነስቶ ለሁለት ሰው፣ አምስት ሌሊት፣ እኔ ሳየው በነበረው ዋጋ እንደሚከተለው ነው፣ እናንተ የምታገኙት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል ግን ልዩነቱን ለማየት ይበቃል። አሩባ ቲኬት ለሁለት 1,000፣ ኪችን ያለው ስቱዲዮ በቀን 150 ስለዚህ 750፣ ታክስና ፊ ብለው የሚጨምሩት 150፣ የሱፐርማርኬት አስቤዛ 200፣ ሁለት ቀን ውጭ እራት 150፣ ታክሲና አውቶቡስ 100፣ አሩባ ለመግባት ኦንላይን ከሚሞላው ፎርም ጋር የሚከፈል በሰው 20 ዶላር ስለዚህ 40። ድምር 2,390። ፑንታ ካና ያው 2,100 ነው፣ ከኤርፖርት መውሰጃና መመለሻ 60፣ ቲፕ 60 ጨምሩበት። እስካሁን ፑንታ ካና በ170 ዶላር ረከሰ፣ ልክ ናችሁ።

ግን ኢንሹራንሱ ይጨመር። ለአሩባ መደበኛው የጉዞ ኢንሹራንስ ይበቃኛል፣ 120 አካባቢ። ለፑንታ ካና በሴፕቴምበር እኔ ብሆን «በፈለግኩት ምክንያት ብሰርዝ» የሚለውን ካልገዛሁ ኪሴ ውስጥ እጄን አላስገባም፣ እሱ ደግሞ ከመደበኛው በደንብ ይወደዳል፣ 220 በሉት። ስለዚህ አሩባ 2,510፣ ፑንታ ካና 2,440። ልዩነቱ 70 ዶላር! ለሁለት ሰው! ለ70 ዶላር ብዬ በረራዬ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ የአየር ትንበያ ሳይ አልኖርም።

የኢንሹራንሱን ነገር ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ የገዛችሁት ኢንሹራንስ ለዛ ማዕበል አይከፍልም፣ አለቀ፣ ክርክር የለውም። ዜና ላይ ስሙን ሰምታችሁ ከሆነ ረፍዷል ማለት ነው። «በፈለግኩት ምክንያት» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍያ ከከፈላችሁ ከ14 እስከ 21 ቀን ውስጥ መገዛት አለበት፣ የሚመልስላችሁም ሙሉውን ሳይሆን ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው፣ ከመነሻው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድማችሁ መሰረዝም አለባችሁ። መደበኛው ደግሞ ፈራሁ ብሎ ለቀረ ሰው አይከፍልም። በረራው ሲሰረዝ፣ ሆቴሉ መኖሪያ መሆን ሲያቅተው፣ እንደዛ አይነት የተጻፈ ምክንያት ይፈልጋል። ትንበያው ቀዩን መስመር ሆቴላችሁ ላይ ቢያሳርፈውም በረራው እስካልተሰረዘ ድረስ ብዙ ጊዜ መሄድ አለባችሁ ወይ ገንዘቡን እርሱት።

አንዷ ዘመዴን የደረሰባትን ልንገራችሁ። በ2022 ፊዮና ፖርቶ ሪኮን መትቶ በማግስቱ የዶሚኒካንን ምስራቅ ጫፍ ሲገባ፣ እነሱ በዛው ሳምንት ነበር ጉዟቸው። በረራው ተሰረዘ። ሙሉ ፓኬጁን የገዙት ከአንድ ቅናሽ ከሚሸጥ ዌብሳይት ነበር። አየር መንገዱ ጋ ስትደውል «ቲኬቱን የሸጠላችሁ እኛ አይደለንም፣ የገዛችሁበት ጠይቁ» አሏት፣ ዌብሳይቱ ጋ ስትደውል «ሪዞርቱ ክፍት ነኝ ብሏል፣ ስለዚህ የሆቴሉ አይመለስም» አሏት፣ ሪዞርቱ ደግሞ «ከኛ አልገዛችሁም» አለ። ሶስቱ እንደ ኳስ እየተቀባበሏት ከረመች። በመጨረሻ የመጣላት ኢሜይል ክሬዲት ነው የሚለው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያልቅ፣ ገናና ፋሲካ ላይ የማይሰራ፣ በስሟ ብቻ፣ ለሌላ ሰው የማይተላለፍ። ኢሜይሉን አንብባ ስትጨርስ «ታዲያ መቼ ልጠቀምበት?» ነው ያለችኝ።

ከዛ ወዲህ የያዝኩት ህግ፣ በረራ ከራሱ ከአየር መንገዱ፣ ሆቴል ከራሱ ከሆቴሉ ወይም እስከመጨረሻው ቀን በነጻ መሰረዝ ከሚቻልበት። በፓኬጅ 80 ዶላር ቢረክስም እንኳ። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ የሚገባ በረራ ከተሰረዘና እናንተ ምትኩን አልፈልግም ካላችሁ፣ ምክንያቱ አየር ጸባይም ቢሆን ገንዘባችሁ መመለስ አለበት፣ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ በ7 የስራ ቀን ውስጥ። ቫውቸር እንካችሁ ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ፣ እሺ ካላችሁ ጥሬ ገንዘቡ ቀረ።

ሪዞርቶቹ «የሀሪኬን ጋራንቲ» እያሉ የሚለጥፉትንም አንብቡት። ብዙዎቹ ጥሬ ገንዘብ አይመልሱም፣ ሌላ ጊዜ ኑና ቆዩ ነው የሚሉት፣ እሱም ሀሪኬኑ ሪዞርቱን ከመታው ነው። ዝናብ ብቻ አምስት ቀን ሲወርድባችሁ ቢከርም አይቆጠርም። ቼክአውት ላይ «በ19 ዶላር ጉዞህን ጠብቅ» የምትለዋ ትንሽ ሳጥንም ብዙ ጊዜ የምትሸፍነው የሆነ ነገርን ብቻ ነው፣ ስሟ ኢንሹራንስ መሆኑ አያታልላችሁ፣ ፖሊሲውን አውርዳችሁ ሀሪኬን የሚለውን ፈልጉ።

ስለ ሀሰተኛ ነገሮች ካነሳን አይቀር፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ «የእንቁጣጣሽ ልዩ ፓኬጅ» እያሉ በዜል (በባንክ አፕ ገንዘብ መላኪያው) ብቻ ክፈሉ የሚሉ አሉ። በዜል የተላከ ገንዘብ ወደ ኋላ አይመለስም በቃ። ክሬዲት ካርድ የማይቀበል የጉዞ ወኪል የኔ ወኪል አይደለም፣ የእህቴ ልጅ ቢሆን እንኳ። የበረራ ኮድ ሲሰጧችሁ ስድስቷን ፊደልና ቁጥር ወስዳችሁ ራሱ የአየር መንገዱ አፕ ላይ አስገቡ፣ ስማችሁ ከነበረራችሁ ካልመጣ ቲኬት የላችሁም። በረራ ሲሰረዝ ደግሞ የአየር መንገዱን ስልክ ጎግል አድርጋችሁ መጀመሪያ የመጣው ላይ እንዳትደውሉ፣ በማዕበል ሰሞን የሀሰት ቁጥሮች የሚያጠምዱት የተደናገጠ ሰው ነው፣ ቁጥሩን አፑ ውስጥ ፈልጉት።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ኦገስት ላይ ፍልሰታ አለ፣ ከኦገስት 7 እስከ 21። የምትጾሙ ከሆነ ኦል ኢንክሉሲቭ (ምግቡም መጠጡም ውስጡ ያለበት ሪዞርት) የሚያስከፍላችሁ ለማትበሉት ስጋና ለማትጠጡት ኮክቴል ነው፣ ቡፌው ፊት ቆማችሁ ሩዝና ፍራፍሬ ስታነሱ ዋጋው ያው ነው። አሩባ ኪችን ያለው ቤት ይዛችሁ ሽሮና በርበሬ ከቤት ብትይዙ፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙን እዛ ብትገዙ በሰላም ትጾማላችሁ። የቧንቧ ውሃውም ከባህር ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ በደንብ ይጠጣል፣ ካርቶን ካርቶን ውሃ መግዛት የለም፣ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ሬስቶራንት ግን ውድ ነው፣ ምግቡ በሙሉ ለማለት ይቻላል ከውጭ ስለሚገባ ነው፣ አልዋሽም። ልጅ የሚበዛባችሁ፣ ጠዋት ማታ የሚበሉ ታዳጊዎች ያላችሁ ከሆነ ኦል ኢንክሉሲቭ እውነትም ያዋጣል፣ ያንን ደግሞ በጁን መጨረሻ ትምህርት እንደተዘጋ ሂዱበት፣ አደጋው ያን ጊዜ ያነሰ ነው።

ባህር ሳርም አለ። ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ ሳር በሰመር ወራት በብዛት የሚመጣው በምስራቅ በኩል ነው፣ ፑንታ ካና ፊቱን የሰጠው ወደዛ ነው፣ ክምሩ ሲበሰብስ ይሸታል። የአሩባ ኢግል ቢችና ፓልም ቢች በምዕራብ በኩል ስለሆኑ ብዙም አያገኛቸውም። ነፋሱ ግን ኃይለኛ ነው፣ ባርኔጣ በማሰሪያ፣ ደሴቱም ደረቅ ነው ቁልቋል የሞላበት፣ ለምለም ጫካ የሚፈልግ ሰው ይከፋዋል።

ወረቀት በሚመለከት፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ያላችሁ ሁለቱም ጋ ቪዛ አትጠየቁም፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አየር መንገዱን አረጋግጡ። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነ፣ ከአሜሪካ ወጥታችሁ መመለሱ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ሁለቱንም ተዉትና ጠበቃችሁን አማክሩ፣ ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነ በረራው እንደ ሀገር ውስጥ ነው፣ ግን ሀሪኬን ማሪያ በ2017 ሴፕቴምበር 20 ምን እንዳደረገቻት ታስታውሳላችሁ፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ሂዱ። ጃማይካም እንደዛው፣ በ2025 ኦክቶበር 28 ሜሊሳ ምዕራቡን ክፉኛ ስለጎዳችው የቱሪስት ብር ይፈልጋሉ፣ ከጃንዋሪ በኋላ ብትሄዱላቸው ደስ ይለኛል።

አሩባ ስትሄዱ ትራንዚታችሁ ማያሚ ወይ ፎርት ላውደርዴል እንዳይሆን ሞክሩ። ደሴቱ ሰላም ሆኖ ፍሎሪዳ ኤርፖርት ሲዘጋ መንገድ ላይ መቅረት አለ። ቀጥታ በረራ 60 ዶላር ቢጨምር ክፈሉት። ስትመለሱ ደግሞ የአሜሪካን ኢሚግሬሽን እዛው አሩባ ኤርፖርት ነው የምታልፉት፣ ስለዚህ ሶስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰልፉ ረጅም ነው።

በዚህ ክረምት አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ግን ካሪቢያንን ጭራሽ ተዉት። ከቦሌ ዛንዚባር ቀጥታ በረራ አለ፣ ከጁን እስከ ኦክቶበር እዛ ደረቁ ወቅት ነው፣ ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ ሳይክሎን እምብዛም አያገኘውም። በሰው 44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ አለች፣ እሷን በበጀታችሁ ያዙ።

ቀድማችሁ የሴፕቴምበር ፑንታ ካናን የገዛችሁስ? ዛሬውኑ የመጀመሪያ ክፍያችሁን ቀን እዩ፣ 14 ቀን ካልሞላው «በፈለግኩት ምክንያት» የሚለውን ኢንሹራንስ አሁን ግዙ፣ ነገ አትበሉ። የከፈላችሁበት ክሬዲት ካርድ የጉዞ ስረዛ ሽፋን እንዳለው ደውላችሁ ጠይቁ። ከዛ ከመነሻችሁ አስር ቀን በፊት ጀምሮ የናሽናል ሀሪኬን ሴንተርን የ7 ቀን ትንበያ በቀን አንዴ እዩ፣ በቀን አራት ጊዜ ይታደሳል፣ ሾጣጣው ስዕል የሚያሳየው የማዕበሉ መሃል ሊያልፍ የሚችልበትን ብቻ እንጂ ዝናቡና ነፋሱ የሚደርስበትን በሙሉ እንዳልሆነ እወቁ። አየር መንገዱ በነጻ ቀን መቀየር ትችላላችሁ የሚል ማስታወቂያ ሲያወጣ በዛው ሰዓት ቀይሩ፣ ሌላው ሰው ሲነቃ ጥሩዎቹ ቀኖች ያልቃሉ።