ሰሃን መሰሉ የሃሚንግበርድ መመገቢያ እና በቤት የሚዘጋጀው ወለላ

በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ለሚገኙት ጥቃቅን ወፎች፣ ለሃሚንግበርዶች፣ በጓሮው ምግብ ማቅረብ ለሚፈልግ ሰው፣ ከጠርሙስ መሰሉ ይልቅ ዝርግ ሰሃን የሚመስለውን መመገቢያ እመርጥለታለሁ። የሚጠጡት የስኳር ውሃ ከመጠጫ ቀዳዳዎቹ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ እምብዛም አይንጠባጠብም፤ ሃሚንግበርድ በረጅም ምላሷ ስትደርስበት ንቦችና ተርቦች ግን ይቸገራሉ። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ክዳኑ ተነሥቶ እስከ ጥጉ መታጠብ መቻሉ ነው፤ የስኳር ውሃ በሙቀት ቶሎ ስለሚቦካና ስለሚሻግት፣ በሞቃት ወራት ቢበዛ በየ2 ቀኑ ዕቃውን በሙቅ ውሃ አጥቦ ፈሳሹን መለወጥ ግድ ይላልና።

በመደብር የሚሸጠውን ቀይ ፈሳሽ ግን አልመክርም። 1 እጅ ነጭ ስኳር በ4 እጅ ውሃ አሟሙቶ ማቀዝቀዝ ከአበባ ወለላ (አበባ ከሚያመነጨው ጣፋጭ ፈሳሽ) ጋር የሚቀራረብ ጣፋጭነት ይሰጣል፤ ወፎቹን ለመሳብም የመመገቢያው ቀይ ክዳን ይበቃል። ማር ሻጋታን ስለሚያፋጥን፣ ቡናማ ስኳርም ለወፎቹ የሚጎዳ የብረት ማዕድን ስላለው ፈጽሞ አይጨመሩበት።

ጉድለቱ የሚይዘው መጠን ማነሱ ነው። ሆኖም አንዱ ወፍ ሌላውን ከምግቡ የማባረር ጠባይ ስላለው፣ ከአንድ ትልቅ መመገቢያ ይልቅ ሁለት ትንንሾችን አራርቆ መስቀል ይሻላል።