የሕፃናት ክፍሉ ነርሶች የሕመም ማስታገስ አገልግሎት፦ ቀኑና ሌሊቱ

የአምስት ዓመት ልጄ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አራት ቀን በሕፃናት ክፍል ስትተኛ አጠገቧ ሆኜ ካየሁት አገልግሎት የምመዝነው አንዱን ብቻ ነው፤ ነርሶቹ ሕመሟን እንዴት እንዳስታገሡላት።

የቀን ተረኛዋ ሲስተር «ያምሻል?» ብላ አልጠየቀቻትም። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ልጅ መርፌ እንዳይመጣበት ሲል «አያመኝም» ይላል። እሷ ከፈገግታ እስከ ዕንባ ስድስት ፊቶች የተሳሉበት ካርድ አውጥታ «የሆድሽ ፊት የትኛው ነው?» አለቻት፤ ልጄም ጥቂት አስባ ከመጨረሻው ቀድሞ ያለውን በጣቷ ነካች፤ ከ10 ነጥብ 8 ተብሎ ተመዘገበ። አጠገባችን የተኛው አፉን ያልፈታ ሕፃን ደግሞ በፊቱ፣ በእግሩ፣ በእንቅስቃሴው፣ በለቅሶውና ሲያባብሉት በሚያሳየው ሁኔታ እየታየ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 እየተሰጠ ይደመርለት ነበር።

ፓራሲታሞሉ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ተሰልቶ ተሰጣት። ይህ የተለመደ ነው፤ ያልጠበቅሁት ግን ሲስተሯ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ ካርድ ይዛ መመለሷን ነው። መድኃኒት ሰጥቶ የሚሄድ ብዙ ነው፤ ሠራ ወይስ አልሠራም ብሎ ተመልሶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እጇ አብጦ ካኑላው (መድኃኒት በደም ሥር የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ሲቀየርም የማደንዘዣ ቅባቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ተቀብቶ ነበር። አልጋ ላይ አስተኝተው በግድ አልያዟትም፤ እኔው ጭን ላይ፣ ደረቴ ላይ ተለጥፋ፣ የሳሙና አረፋ እየነፋች ሳለች መርፌው ገባ። አንዱ አረፋ የሲስተሯ መነጽር ላይ ሲፈነዳ ልጄ ሳቀች።

ሌሊቱ ግን ሌላ ነበር። በየስድስት ሰዓቱ እንዲሰጥ የታዘዘው መድኃኒት በሁለተኛው ሌሊት ታለፈ፤ ስጠይቅ ተረኛዋ «ካለቀሰች ይጥሩኝ» አለችኝ። ልጄ አላለቀሰችም፤ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ዓይኗን ገልጣ ዝም ብላ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለቅሶው ሲመጣ ሕመሙ ሥር ሰዶ ስለነበር ለማብረድ እስኪነጋ ፈጀ። አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ መጠበቋ እንደሚከብድ አያጠራጥርም፤ ቢሆንም ቀን የሚሠራበት ካርድ ሌሊት መሳቢያ ውስጥ መዋሉን ትክክል አያደርገውም።

ለቀኑ ፈረቃ ከአምስት አምስት፣ ለሌሊቱ ሁለት እሰጣለሁ። ልጁን እዚያ የሚያስተኛ ወላጅ ቀጣዩ መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሆነ ፈረቃ ሳይቀየር ይጠይቅ፤ ካርዱንም ለምኖ ራስጌው ያስቀምጥ። እኔ በሦስተኛው ሌሊት እንዲሁ አድርጌ ነበር፤ ሰጡኝ።