«ውሃ ጠጪ» እያለች እህቴን ለወተወተቻት ሴት

ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ቆይቻለሁ። እታለም ራሷ «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ አታንሺ» ስላለችኝ ነው።

እታለም የምንላት ታላቅ እህቴ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን አማጠች። መኪና እስኪገኝ፣ አንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው እስኪልካት ልጁ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስ ጀመር። ፊስቱላ፣ ማለትም ምጥ ሲረዝም በፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ እንደሆነ ያኔ የነገረን ሰው የለም።

የእሷ መላ ውሃ አለመጠጣት ነበር። ካልጠጣሁ አይፈስም ብላ። ቡና እንኳ ግማሽ ስኒ! ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች። መፍሰሱ ግን አልቀረም፤ ሽንቷ እየወፈረ፣ ሽታው እየባሰ ሄደ፣ ኋላም ደም ቀላቀለ፣ ስትቀመጥ ይወጋት ጀመር። ባሕር ዳር ሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ስንወስዳት ፊኛዋ ውስጥ ሎሚ የሚያክል ጠጠር ተገኘ። ሽንት ሲወፍር ውስጡ ያለው ጨው እየረጋ ጠጠር ይሠራል አሉን። ለካ መላ ያለችው ነው የጎዳት። መጀመሪያ ጠጠሩ ወጣ፣ ቁስሉ እስኪሽር ተጠበቀ፣ ቀዳዳው የተሰፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐኪሞቹን እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ምስጋና ግን የአንዲት ረዳት ነርስ ነው። እሷም በዚሁ በሽታ ታክማ የዳነች ናት። ጠዋት ጠዋት ጆግ ይዛ ትመጣለች። አልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ታይና «ይኼ ጠላ ነው እንዴ? ውሃ እስኪመስል ጠጪ እንጂ!» ትላታለች። እታለም ስትስቅ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ያኔ ነው። ማታም እየመጣች ቱቦው እንዳይጣመም ታያለች፤ ከተዘጋ ፊኛው ሞልቶ ስፌቱን ሊበጥሰው ይችላል። ቱቦው በወጣ ማግስት እታለም አንሶላውን በእጇ ዳበሰችው። ደግማ ዳበሰችው። ደረቅ ነው።

አንድ ብር አልተጠየቅንም። ስትወጣ እንዲያውም አዲስ ቀሚስ ሰጧት። በሰፈራችሁ ከወለደች ወዲህ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት፣ ቤት የዘጋች ሴት ካለች ይዛችኋት ሂዱ፣ ዓመታት ቢያልፉም ሂዱ። ዋናው ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው፤ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ማዕከል አላቸው። እስከዚያው ውሃ አትከልክሏት። ከዳነች በኋላ ካረገዘች ደግሞ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ትውለድ ብለውናል፣ ቤት ምጥ የሚባል ነገር የለም።

እታለም አሁን እኔ ቤት ስትመጣ ገና ሳትቀመጥ የምትጠይቀኝ ውሃ ነው።