ሜታ ኩዌስት 3 ለኮምፒውተር ጌም፦ ምስሉን ብዥ የሚያደርገው ሌንሱ አይደለም

ዓይን ላይ የሚደረገው የቪአር (ምናባዊ ዓለም) ሄድሴት ሜታ ኩዌስት 3 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ሲወጣ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ሌንሱ ነው። የቀድሞው የኩዌስት 2 ፍሬኔል (ክብ ክብ እርከን ያለው) ሌንስ ጥርት ብሎ የሚያሳየው መሃሉ ላይ ብቻ ነበር፤ ዓይን ወደ ጎን ሲል ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ጥቁር መደብ ላይ ያለ ነጭ ፊደልም ጨረር ይረጫል። የኩዌስት 3 ፓንኬክ ሌንስ ግን እስከ ጠርዙ ድረስ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ስክሪኑ ለእያንዳንዱ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል ስለሆነ በበረራ ጌም ውስጥ የአውሮፕላኑን መለኪያዎች ቁጥር ለማንበብ እንደ ድሮው አንገት ማስገግ አያስፈልግም። በ2024 የወጣው ርካሹ 3ኤስ ፕሮሰሰሩ ያው ቢሆንም ሌንሱ ፍሬኔል ነው፣ የፒክስሉ ብዛትም የኩዌስት 2 ነው። ዋናው ፍላጎታችሁ የምስል ጥራት ከሆነ 3ኤስን አልመክርም።

ታዲያ ኩዌስት 3 ገዝቶ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው ለምን ብዥታ ያያል? አንዱ ምክንያት አቀማመጡ ነው። ከሄድሴቱ ሥር በግራ በኩል ያለውን ክብ ማስተካከያ ስታዞሩት በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ከ58 እስከ 70 ይሄዳል። የራሳችሁን ቁጥር መነጽር የሚሠራ ባለሙያ ይለካላችኋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ከፍታውን ነው፦ አንድ ጽሑፍ እያያችሁ ሄድሴቱን ቀስ ብላችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉ፣ ፊደሉ የሚጠራበት ቦታ ላይ ስትደርሱ በአናት የሚያልፈውን ማሰሪያ አጥብቁ። አብሮት የሚመጣው ለስላሳ ማሰሪያ 515 ግራም የሚመዝነውን ሄድሴት አጥብቆ ስለማይይዝ፣ ጨዋታው ሲሞቅ ወደ ታች ይንሸራተትና ጥራቱ አብሮ ይሄዳል። ከኋላ የሚደግፍ ጠንካራ ማሰሪያ ከሁሉም በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው። ሌንሱን በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፤ አልኮል ሽፋኑን ይጎዳል። የፀሐይ ብርሃን ሌንሱ ላይ እንዳያርፍም ተጠንቀቁ፤ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ከኮምፒውተር እስከ ሄድሴት ያለው መንገድ ነው። ኩዌስት 3 ምስልን ከግራፊክስ ካርድ በቀጥታ የሚቀበል የዲስፕሌይፖርት መግቢያ የለውም። ግራፊክስ ካርዱ የሠራው እያንዳንዱ ፍሬም (አንድ ነጠላ ምስል) እንደ ቪዲዮ ይጨመቃል፣ በገመድ ወይም በዋይፋይ ይላካል፣ ሄድሴቱ ውስጥ ተመልሶ ይፈታል። የዛፍ ቅጠል፣ ሣርና ጭስ የሚጨማለቁት እዚህ ላይ ነው። ውድ ግራፊክስ ካርድ ቢገዛም ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የመረጃ መጠን) ዝቅተኛ ከሆነ ይህ አይጠፋም።

በገመድ የሚጫወት ሰው ዩኤስቢ 3 ኬብል ይጠቀም፤ ሄድሴቱን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው የሜታ ሊንክ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የኬብል መፈተሻ ትክክለኛውን ፍጥነት ያሳያል። ከዚያ ኦኩለስ ዲበግ ቱል በሚባለው መሣሪያ የኢንኮድ ቢትሬቱን ከ0 (በራሱ ከሚመርጠው) ወደ 350 ሜጋቢት ከፍ ማድረግና እየተጫወቱ መሞከር ነው። እስከ 500 መግፋት ይቻላል፤ ድምፁ መንጣጣት ወይም ምስሉ መዝለል ከጀመረ ግን ሄድሴቱ ውስጥ ምስሉን የሚፈታው ዲኮደር አልቻለምና 50 እየቀነሳችሁ ውረዱ። ከሥሩ የሊንክ ሻርፕኒንግን ወደ «ኳሊቲ» መቀየር ፊደልን በግልጽ ያጠራል።

በዋይፋይ ከሆነ ምስሉን ወደ ሄድሴቱ ከሚልኩት ፕሮግራሞች ምርጫዬ የሚከፈልበት ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ነው፤ ስቲም ሊንክ በነፃ ጥሩ ይሠራል፣ ማስተካከያው ግን ያንሳል። እዚህ ላይ የቤታችሁ ኢንተርኔት ቢንቀራፈፍ ችግር የለውም፤ ምስሉ የሚሄደው ከኮምፒውተር ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ሄድሴት ነው፣ ከቤት አይወጣም። ወሳኙ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ መያያዙ ነው። ኮምፒውተሩም በዋይፋይ ከሆነ ያው ምስል አየሩን ሁለት ጊዜ ያጨናንቃል። ራውተሩ የምትጫወቱበት ክፍል ውስጥ ይሁን፣ በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋዩ ላይ ከሄድሴቱ ሌላ ዕቃ ባይኖር ይመረጣል። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 40 ካርድ ያለው ሰው ከምስል መጨመቂያ ዘዴዎቹ (ኮዴኮቹ) ኤቪ1 10 ቢትን በ200 ሜጋቢት ይምረጥ፤ ጨለማ ትዕይንት ላይ የሚታየው የቀለም መስመር በእጅጉ ይቀንሳል። ቆየት ያለ የኤንቪዲያ ካርድ ላይ ኤች264 ፕላስን በ400 መሞከር ይሻላል።

ምስሉ ሲቆራረጥ በግምት አትቀያይሩ። የቨርቹዋል ዴስክቶፕን የአፈጻጸም መለኪያ ክፈቱትና መዘግየቱን በየክፍሉ ተመልከቱ። የጌሙ ቁጥር ከፍ ካለ ግራፊክስ ካርዱ ደክሟል፤ የኔትወርኩ ከዘለለ ራውተሩ ነው፤ የዲኮዱ ከፍ ካለ ቢትሬቱ በዝቷል። ስሌቱ ጥብቅ ነው፦ በ72 ኸርዝ (በሰከንድ 72 ፍሬም) አንድ ፍሬም 13.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው ያለው፣ በ90 ኸርዝ 11.1፣ በ120 ኸርዝ 8.3። ካርዱ ያንን ካላሟላ ፕሮግራሙ ግማሹን ፍሬም በግምት ይሞላል፣ በእጅና በመሪ ዙሪያም ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ለከባድ የበረራ ጌም ሳይዘል የሚሄድ 72 ከሚቆራረጥ 90 እጅግ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥፋት ሬዞሉሽንን (የምስሉን የፒክስል ብዛት) ሁለት ቦታ ላይ ማሳደግ ነው። ሊንክ ወይም ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ላይ ከፍ አድርጎ፣ እንደገና የስቲም ቪአር ጌሞችን በሚያስኬደው ስቲምቪአር ላይ 150 በመቶ ማድረግ ይባዛል። ስቲምቪአርን 100 ላይ ተዉት፣ አንዱን ብቻ አስተካክሉ። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ሲሞላ መቆራረጡ ድንገት ስለሚመጣ መጀመሪያ የቴክስቸር (በጌሙ ውስጥ ያሉ ነገሮች ገጽ ላይ የሚለጠፈው ምስል) ደረጃን ቀንሱ። የተሰነጣጠቀ ጠርዝን ከሚያለሰልሱት ማስተካከያዎች ጌሙ ኤምኤስኤኤ የሚባለው ካለው ከቲኤኤ ይልቅ እሱን ምረጡ፤ ቲኤኤ ጠርዙን ሲያለሰልስ ሩቁን ነገር ሁሉ ያደበዝዘዋል።

በማስተካከያ የማይድን አንድ ጉድለት አለው። ስክሪኑ ኤልሲዲ በመሆኑ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ የጠፈርና የአስፈሪ ጌም ወዳጆች ይህን አውቀው ይግዙት።